ሶንያ ካልጠየቋት አትናገርም

የቀዝቃዛው ክፍል በር ሲከፈት ውስጡ ባዶ ነበር።

መደርደሪያው ባዶ። ወለሉ ባዶ። ወረርሽኝ ካልተነሳ አይነካም ተብሎ የተቀመጠው የማጅራት ገትር ክትባት አንድ ብልቃጥ እንኳ አልቀረም። የመጋዘን ኃላፊዋ ሐሚዳ ቁልፉን በእጇ እንደያዘች እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

«ወላሂ እኔ የማውቀው ነገር የለም! ካወቅሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ጊዜው ጳጉሜ ነው፣ የሰባ ዘጠኝ መጨረሻ። ከቦሌ ወደ ገርጂ በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለው የመድኃኒት ማከፋፈያ ግቢ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ለአብዮት በዓል ባነር ሲሰቅል የነበረው ሠራተኛ ሁሉ ባነሩን ጥሎ መጣ። የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ጓድ አባይም መጣ። ባዶውን ክፍል አየ፤ ዞር አለና አንዲት ልጅ ላይ ጣቱን ቀሰረ።

«ይቺ ናት!»

ልጅቷ ለተብርሃን ትባላለች። ኮምፒዩተሩ ላይ የምትሠራው እሷ ናት። ሰውየው ጣቱን የቀሰረው እንዲሁ አልነበረም፤ ወይም እንዲሁ አልመሰለም። የዚያን ዕለት ጠዋት ለበዓሉ ሪፖርት የዓመቱን ጠቅላላ ክምችት አውጪ ተብላ ማሽኑን ጠየቀች። ማሽኑ «መደመር አቃተኝ» ብሎ ቀጥ አለ። በማሽን እንቢ ካለ በእጅ ይቆጠር ተባለ። ሊቆጠር ሲሄድ ቀዝቃዛው ክፍል ባዶ ሆኖ ተገኘ። የክፍሉ ሁለተኛ ቁልፍ ደግሞ የሚሰቀለው እሷ የምትሠራበት የቴክኒክ ክፍል ግድግዳ ላይ ነው።

«ክትባቱን ለወንበዴ ልካ፣ እንዳይታወቅባት ማሽኑን ሰበረችው። የለየለት አሻጥር ነው!» አለ ጓድ አባይ።

ትውልዷ አድዋ መሆኑን አልጨመረም። መጨመርም አላስፈለገውም።

ጉዳዩ ከቦሌ ፖሊስ ለሻምበል ሰይድ ደረሰው። ሰይድ የስርቆት መርማሪ ነው፤ የደሴ ልጅ፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሲያወራ ጫማውን የሚያይ። መዝገቡ ከተከፈተ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደውም። የደኅንነት ሰዎች ደውለዋል። ልጅቷን ዛሬ፣ ከሥራ መውጫ በፊት መጥተን እንረከባለን ብለዋል። እነሱ የተረከቡት ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሰይድ ያውቃል። ሁለት ጊዜ አስረክቦ ያውቃል፤ ሁለቱም አልተመለሱም።

ጠዋት ጣቢያው ደረጃ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆሞ አገኘው። የለተብርሃን አለቃና አስተማሪዋ አቶ ዑቕባይ ነበር። ልጅቷ ከታሰረች ወዲህ እዚያ ደረጃ ላይ ሳይቆም የዋለበት ቀን የለም። ኮቱ በዝናብ ርሷል።

«ሻምበል፣ ልጅቷ ምንም አላጠፋችም» አለ። «ቁጥር ባለበት ቦታ ቃል ከተቀመጠ ሶንያ ምን ታድርግ? ለተብርሃንስ ምን ታድርግ?»

«ሶንያ ደግሞ ማን ናት?»

«ማሽኑ የሚናገርበት ቋንቋ ናት። ሃንጋሪ እያለሁ የተማርኳት።»

ሰይድ አንገቱን ነቀነቀና አልፎት ገባ። በጭንቀት የዞረበት ሽማግሌ መሰለው።

ለተብርሃን ከማረፊያ ክፍል ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣለች።

«ሰረቅሽ?»

«አልሰረቅሁም።»

«ማሽኑን ሰበርሽ?»

«አልሰበርኩም። ማሽኑም አልተሰበረም።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ወደ ማሽኑ ይውሰዱኝና ላሳይዎት።»

ሰይድ ሰዓቱን አየ። እስረኛን የወንጀሉ ቦታ ወስዶ ማስመራት ለመርማሪ የተፈቀደ ነው። ኮምፒዩተር ማስመራት ግን ማን አይቶ ያውቃል? ቢሆንም «ተነሺ» አላት።

ኮምፒዩተሩ የተቀመጠበት ክፍል ጠባብ ነው። ሰይድ ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ። ጓድ አባይ በሩን ተደግፎ «ጓድ ሻምበል፣ ያበላሸችውን ልትሰርዝ ነው፤ ተጠንቀቅ» አለ።

«እኔ አለሁ» አለና ሰይድ በሩን ዘጋበት።

«በይ ንገሪኝ። እንደማያውቅ ሰው ንገሪኝ፤ አላውቅምም።»

ለተብርሃን ትንፋሿን ሰበሰበች። «ሶንያ ሰነፍ ናት» አለች። «ስድብ አይደለም፤ ሲሠሯት እንደዚያ ብለው ነው የሠሯት። ሥራ ሲሰጧት አትሠራውም። እሺ ብላ ታስቀምጠዋለች። አንድ ሰው ውጤቱን አምጪ ሲላት ያኔ ብቻ ትነሳለች። የማይጠየቅ ነገር ዓመት ቢቀመጥ ዞር ብላ አታየውም።»

«እና?»

«እና የወደቀችበት ቦታ ጥፋቱ ያለበት ቦታ አይደለም። ከመቀሌ የታሸገ ዕቃ በሰው ቢላክ፣ ደሴ ላይ አንዱ ለሌላው ቢሰጥ፣ ማንም ሳይከፍተው መገናኛ ቢደርስና እኔ ብከፍተው፣ ውስጡ የበሰበሰ ቢሆን፣ ያበሰበስኩት እኔ ነኝ?»

ሰይድ እንደዚያ የታሰረ ሰው ያውቃል።

«ሌላም አለ» አለች። «ሶንያ ሳጥኗ ውስጥ ምን እንደገባ አትጠይቅም። ቁጥርም ይግባ፣ ቃልም ይግባ፣ እሷ እቴ! የምታውቀው አውጥታ ስትጠቀምበት ነው።»

«ታዲያ የበሰበሰውን ማን እንዳስገባው እንዴት ይገኛል?»

«እያንዳንዱ ክፍል ሲያልፍ ስሙን እንዲናገር አደርጋለሁ። እሷ ስትጽፈው እናያለን።»

ጣቶቿ መምታት ጀመሩ።  ማተሚያው እያንጫረረ ወረቀት አወጣ። ጥቂት ስሞች ጻፈና ልክ እንደ ፊተኛው «መደመር አቃተኝ» ብሎ ቆመ። ከመውደቁ በፊት የመጨረሻው ስም «ደረቅ መጋዘን» ይላል።

ሰይድ ከወንበሩ ተነሳ። ደረቅ መጋዘን የሐሚዳ ነው።

«ሐሚዳን ጥሩልኝ!»

ሐሚዳ ገባች።

«የቀዝቃዛው ክፍል ቁልፍ አንቺ ዘንድ ነው?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ደረቅ መጋዘኑም ያንቺ ነው?»

«አዎ።»

«ማሽኑ አንቺ ጋ ሲደርስ ወድቋል። ምን አስገባሽበት?»

«እኔ? የማስገባውማ ሳጥን ቆጥሬ ቁጥር ነው! በልጆቼ አምላክ!» አለችና ማልቀስ ጀመረች። «ልጅቷን ማርያም ታውጣት እያልኩ ስለት የገባሁ እኔ ነኝ፤ እስላሟ! ማንን ልጉዳ?»

«ሻምበል» አለች ለተብርሃን፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ። «ይተዋት። ተሳስቻለሁ።»

«ምን ማለት ነው ተሳስቻለሁ?»

«የቀዝቃዛው ክፍል ስም ጭራሽ አልወጣም። ስሙን ተናገር ብዬ የጻፍኩት ትእዛዝ ራሱ ስንፍናዋ ውስጥ ገብቷል፤ ማንም ስላልጠየቀው ዝም አለ። የመጨረሻ የተናገረ ክፍል አጥፊ ማለት አይደለም። ሶንያ በተራ አትሄድም፤ የፈለገችውን በፈለገች ጊዜ ነው የምትከፍተው። ምስክርነቷን እንደ ሰው ምስክርነት ቅደም ተከተል ካሰብነው ንጹሕ ሰው እናስራለን።»

ሰይድ ሐሚዳን አያት። አፈረ። ሴትዮዋን በገዛ እጁ ሊያጠፋት ነበር። «ሂጂ እናቴ፣ ይቅርታ» አላት። ሐሚዳ ለመሄድ ሁለት ጊዜ አልተነገራትም።

«አሁንስ?»

«አሁን ስንፍናዋን እከለክላታለሁ። ማንኛውም ዕቃ ገና ሲገባ፣ ማንም ሳይጠይቅ፣ ተከፍቶ ይታይ እላለሁ። ቀርፋፋ ይሆናል፤ ግን የበሰበሰው የገባበት በር ላይ ይሸታል።»

ሠራች። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሰይድ ስለ ደኅንነቶቹ ነጭ መኪና እያሰበ በመስኮቱ ያያል። በግቢው ጀርባ፣ ከቀዝቃዛው ክፍል ግድግዳ ሥር አንድ መደብ ጎመን ለምልሟል። ለምርት ዘመቻ አቶ ዑቕባይ በገዛ እጁ የተከለው ነው፤ ጓድ አባይ በስብሰባ ላይ አስጨብጭቦለታል ተብሎ ሲወራ ሰምቷል።

ማተሚያው ጮኸ።

«መጣ!» አለች ለተብርሃን። ወረቀቱን ቀደደችው። «ቀዝቃዛ ክፍል፤ ሐምሌ።» ከዚያ ግራ ገባት። «ቃል ነው እንዴ? እኔ እኮ ባዶ ሳጥን ይሆናል፣ በዜሮ ማካፈል ይሆናል፣ ብዙ ነገር ይሆናል ብዬ ነበር። ቃል ግን በአእምሮዬም አልመጣ!»

ሰይድ ጆሮው ቆመ። ጠዋት ደረጃው ላይ ሽማግሌው ስለ ቁጥርና ስለ ቃል ያለው ነገር ተመልሶ መጣበት።

«መልእክቱን ስታዪ ቃል መሆኑ አይታወቅም ነበር?»

«በምን ይታወቃል? መደመር አቃተኝ ነው ያለችው እኮ።»

«ማንም ሊያውቅ አይችልም?»

«ካስገባው ሰው በቀር ማንም።»

«ቃሉ ምን ይላል?»

«ይጣራ።»

ሰይድ ሳቅ አመለጠው፤ የመረረ ሳቅ። ይጣራ! በዚያ ዘመን የመንግሥት ቢሮ ሠርቶ ይህችን ቃል ያልጻፈ ማን አለ? የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ እውነቱን ለመጻፍ ነፍስ ያሳሳል፣ ሐሰቱን ለመጻፍ እጅ እንቢ ይላል፤ ያኔ ዳር ላይ «ይጣራ» ተብሎ ይታለፋል። ለወረቀት ደንብ ነው። ወረቀት አይደምርም።

«ይህን ጸሐፊዎቹ ሊያስገቡ ይችላሉ?»

«አይችሉም። እነሱ የሚያስገቡበት ቦታ እኔ ራሴ ዘብ አቁሜአለሁ። ይዩ።» ፊደል መታች። ማሽኑ ጢጥ ብሎ አልቀበልም አለ። «ከቁጥር ሌላ አያሳልፍም። ይህ የገባው ከውስጥ ነው፤ ሶንያን በሚያውቅ ሰው እጅ…»

 እጇ ከማሽኑ ላይ ወረደ።

«ሶንያን የሚያውቅ ማን አለ?» አለ ሰይድ።

ልጅቷ ወረቀቱን አጣጠፈችው።

«ለተብርሃን፣ ማን አለ?»

«እኔ።»

«ሌላስ?»

«እኔ ብቻ ነኝ» አለች። እንባዋ ኮለል ብሎ ወረደ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። ክትባቱንም እኔ ነኝ የወሰድኩት። ይጻፉት።»

ሰይድ ብዙ ውሸታም አይቷል። ነፍሱን ሊያድን የሚዋሽ የዕለት እንጀራው ነው። ነፍሱን ሊሰጥ የሚዋሽ ግን አይቶ አያውቅም።

«እዚሁ ተቀመጪ» አላትና ወጣ።

ዝናቡ አባርቷል። ሰይድ ሽማግሌው ከቀዝቃዛው ክፍል ሥር ወደ ተከለው ጎመን ቀጥ ብሎ ሄደ። አንዱን እግር ነቀለ፤ እጁን ወደ አፈሩ ሰደደ። እስከ ክርኑ ሳይደርስ ጣቱ መስታወት ነካ። አወጣው። ብልቃጥ ነው፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ጎሽቷል። ሥሩም ሌላ አለ፤ ከዚያ ሥርም ሌላ።

ቀና ሲል አቶ ዑቕባይ ከኋላው ቆሟል። አልሸሸም። ጭቃ በነካው ጫማው እዚያው ቆሞ ብልቃጡን ያያል።

«ስርቆት አይደለም» አለ ሰይድ።

«አይደለም።»

«ምን ሆነ?»

«ሐምሌ ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩን ላስነሳ ስሄድ ነዳጅ የለውም። ጓድ አባይ ለሰልፍ መኪናዎች አስቀድቶታል። ልንገረው ብዬ ቢሮው ሄድኩ። "ስለ ነዳጁ አፍህን ብትከፍት በአሻጥር አንተን ነው የማስጠይቀው" አለኝ። መብራት ሲመጣ ክትባቱ ሞቆ ተበላሽቷል። የተበላሸ ክትባት ለሕፃን አይወጋ! ማታ ማታ እያወጣሁ ቀበርኩት። ጎመን ተከልኩበት። አጨበጨቡልኝ።»

«ዜሮ ብለው አይጽፉም ነበር?»

«ዜሮ ብዬ ብጽፍ የት ሄደ ይሉኛል። የነበረውን ብተወው ሐሰት ነው፤ እኔ ደግሞ ሐሰት ጽፌ አላውቅም። ሶንያ ካልጠየቋት አትናገርም። ይጣራ ብዬ አስቀመጥኩላት። ወረርሽኙ ከሚነሳበት ከበጋው በፊት በልመናም ቢሆን ከሌላ ቦታ እተካዋለሁ ብዬ። የበዓሉን ሪፖርት አላሰብኩትም። እሷ እንደምትጠይቅ አላሰብኩትም።»

አንድ እርምጃ ወደ ሰይድ ቀረበ።

«ሻምበል፣ ጠዋት ጠዋት ጣቢያው ደረጃ ላይ የምቆመው ልናገር ነበር። እርስዎን ሳይ ምላሴ ይተሳሰራል። ያስተማርኳት ልጅ በእኔ ፈንታ ታስራ እኔ ቤቴ እተኛለሁ። ፈሪ ነኝ። ይኸው አሁን ተናገርኩ። ይውሰዱኝና ልጅቷን ይልቀቋት።»

ሰይድ ብልቃጡን በእጁ አገላበጠ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ጥርት ያለ። ግን ይህን እውነት መዝገብ ላይ ቢያሰፍረው ሽማግሌው የአብዮቱን መድኃኒት ያበላሸ ቴክኒሺያን ይሆናል፤ አሻጥር። የካድሬውን ስም ቢጠራ ደግሞ ስም ማጥፋት ይጨመርበታል። ከዚያ ሽማግሌውም ይወሰዳል፣ ልጅቷም በተባባሪነት ትወሰዳለች። ነጯ መኪና ቦታ አላት።

«አቶ ዑቕባይ» አለ ቀስ ብሎ። «ሰርቄ ሸጥኩት ይበሉ።»

«ምን?»

«ተራ ስርቆት ይሆናል። ስርቆት የእኔ ነው፤ የእነሱ አይደለም። ጣቢያ፣ ፍርድ ቤት፣ ከርቸሌ። ዓመታት ነው። ግን ስንቅ ይገባልዎታል። በሕይወት ይወጣሉ።»

ሽማግሌው ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። «እኔ? ሌባ? ዕድሜዬን ሙሉ የመንግሥት እርሳስ ቤቴ አስገብቼ አላውቅም! ልጆቼ ምን ይሉኛል? ሳሊተ ምሕረት ስገባ ሰው ምን ይለኛል?»

«ሌባ ይልዎታል።»

«ግደሉኝ ይሻላል!»

«እርስዎንስ ይግደሉ። እሷ ግን "እኔ ነኝ የወሰድኩት" ብላ ከማሽኑ ፊት ተቀምጣለች። እርስዎ መሆንዎን አውቃ ነው።»

ዑቕባይ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ጎመኑ መሃል ተንበረከከ። ሰይድ አልቸኮለበትም። ብልቃጡን መልሶ ቀበረው፤ የነቀለውንም ጎመን መልሶ ተከለው፣ አፈሩንም በእግሩ ጠቀጠቀው።

ነጯ መኪና በር ላይ ክላክስ አደረገች። ጓድ አባይ ሊቀበላት ሲሮጥ ሰይድ መንገዱ ላይ ቆመ።

«ጓድ፣ ተጣርቷል። ተራ ስርቆት ነው። ሌባው ተይዟል፤ ልጅቷ የለችበትም።»

«ኧረ ባክህ! ጉዳዩ ፖለቲካዊ ነው!»

«ፖለቲካዊ ከሆነማ መጀመሪያ የምጠይቀው ነገር አለኝ» አለ ሰይድ፤ ዓይኑን ካድሬው ጫማ ላይ ጥሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሐምሌ ላይ መብራት ሲጠፋ የጄኔሬተሩ ነዳጅ የት ሄደ እላለሁ። እነዚህ ሰዎች እያሉ ልጠይቅ ወይስ ስርቆት ነው ብለን እንዝጋው?»

ጓድ አባይ ክው አለ።  ወደ መኪናዋ አየ፤ ወደ ሰይድ አየ።

«ስርቆት ከሆነማ… ስርቆት ነው» አለ። ሄዶም በመኪናዋ መስኮት አጎንብሶ ያንኑ ነገራቸው። መኪናዋ ትንሽ ቆየችና ዞራ ሄደች። ሰይድ ያኔ ግድግዳውን ተደገፈ።

ሠራተኛው ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። ዑቕባይ በሁለት ፖሊስ መካከል ቆመ። ኮቱን ቆልፏል።

«ክትባቱን ማን ወሰደው?» አለ ሰይድ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

ሽማግሌው ሰዉን አንድ በአንድ አየ።  አሁን እውነቱን ቢናገር ሁሉም አለቀ።

«እኔ ነኝ» አለ ዑቕባይ በመጨረሻ። «ሰርቄ ሸጥኩት። ልጅቷ የምታውቀው ነገር የለም።»

ግቢው ተናወጠ። «አይ የሰው ነገር!» አለ አንዱ። «ሽበቱን አያፍርም!» አለ ሌላው። ሐሚዳ ወደፊት ወጥታ «በሕፃናት ነፍስ! ይቺን ልጅ ሊያስበላ!» ብላ ጮኸችበት። ከሁሉም አብልጦ የጮኸው ጓድ አባይ ነበር። ዑቕባይ አንገቱን ደፍቶ ተቀበለው። በሕይወቱ የተናገረው የመጀመሪያው ሐሰት ሳይሆን አልቀረም፤ ሁሉም ወዲያው አመነው።

ላንድሮቨሩ ጋ ሊደርስ ሲል ለተብርሃን ሰዉን ጥሳ መጣች። «ጋሽ ዑቕባይ!» ብላ ጭቃው ላይ ተንበርክካ ጉልበቱን ሳመች። እሱም እጁ ታስሮ ስለነበር ሊያነሳት አልቻለም፤ «ተነሺ ልጄ፣ ልብስሽ ተበላሸ» ብቻ አላት።



«እንዴ!» አለች ሐሚዳ ግራ ገብቷት። «የሌባ ጉልበት ይሳማል እንዴ?»

 ሰይድ ሽማግሌውን ደግፎ መኪናው ውስጥ አስገባው፣ ከጎኑ ተቀመጠና ሹፌሩን «ንዳ» አለው።